ለግሪን ሃውስ የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ቲማቲምና አበባ የምታለሙ ሰዎች ስለ ሙቀት፣ እርጥበትና መስኖ መቆጣጠሪያ ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከትንንሾቹ የኮምፒውተር ቦርዶች የትኛውን ልግዛ፦ ራስበሪ ፓይ፣ አርዱይኖ ወይስ ኢኤስፒ32?

ኢኤስፒ32 ግዛ። ዋይፋይ አለው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ራስበሪ ፓይ ጉልበተኛ ነው፤ ግን አናሎግ ሴንሰር (ልኬቱን ከፍና ዝቅ በሚል ቮልቴጅ የሚናገር መለኪያ) በቀጥታ አያነብም፣ ሌላ ቺፕ ይፈልጋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ሜሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የመብራታችንን ነገር ታውቀዋለህ! ካሜራ ካሰብክ ግን ፓዩን ተጠቀም፤ እሱንም ቤት ውስጥ አስቀምጠው። አርዱይኖ ኡኖ ለመማሪያ አሪፍ ነው።

ጥያቄ፦ ዋይፋይ ሲበራ የአፈር እርጥበት ንባቤ ይጠፋል። ሴንሰሩ ተቃጥሎ ይሆን?

አልተቃጠለም እህቴ፣ ችግሩ ፒኑ (ሽቦው የሚያያዝበት የቦርዱ እግር) ነው። በመጀመሪያው የኢኤስፒ32 ሞዴል ላይ ዋይፋይ ሲሠራ የኤዲሲ2 (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሁለተኛው ክፍል) ፒኖች አናሎግ አያነቡም፤ 4፣ 25፣ 26 እና 27 ከነሱ ናቸው። ሽቦውን ወደ 32፣ 33፣ 34 ወይም 35 አዙሪው።

ሴንሰርሽ ብረቱ የሚታየው ባለ ሁለት ጥርሱ ከሆነ ግን ተይው። አፈር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ ይበላል። ካፓሲቲቩን (ብረቱ አፈሩን ሳይነካ እርጥበት የሚለካውን) ግዢ። የእሱም የሰሌዳ ጠርዝ ውሃ ይመጥጣልና ከመትከልሽ በፊት ጠርዙን በጥፍር ቀለም ደጋግመሽ ቀቢው። ከዚያ አንዴ በደረቁ፣ አንዴ ውሃ ውስጥ (እስከ ምልክቱ ብቻ) አንብቢና ሁለቱን ቁጥሮች መነሻ አድርጊ።

ጥያቄ፦ የእኔ ዲኤችቲ22 (የአየር ሙቀትና እርጥበት ሴንሰር) ፀሐይ ወጥቶም 99 በመቶ ላይ ቆሟል።

ጤዛ ይዞታል። ደጋ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲኩም ያንጠባጥባል። ኤስኤችቲ31 የሚባለው ሌላ ሴንሰር የተሻለ ይችለዋል፤ ጤዛ የሚያደርቅ ማሞቂያም በውስጡ አለው። በተክሉ ቁመት፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ስቀለው። ፀሐይ ላይ ያለ ሴንሰር የራሱን ሙቀት ነው የሚነግርህ።

ጥያቄ፦ ቦርዱ ካለበት ሳጥን እስከ ኤስኤችቲ31 ሴንሰሩ 40 ሜትር ነው። ሽቦውን ላስረዝመው?

አይሆንም ጋሼ። ኤስኤችቲ31 ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት አይቱሲ የሚባለው የሽቦ ግንኙነት ለአጭር ርቀት የተሠራ ነው። አርኤስ485 በሚባለው የረጅም ርቀት ግንኙነት የሚሠራ ሴንሰር ይግዙ፤ በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮችን ይሄዳል። የኔትወርክ ኬብል ይበቃዋል። ወይም እዚያው ጫፍ ላይ ሌላ ኢኤስፒ32 ይትከሉ።

ጥያቄ፦ የመስኖ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሲዘጋ ቦርዱ ሪስታርት ያደርጋል።

የ12 ቮልት ዲሲ ቫልቭ ሲዘጋ ከጥቅሉ ሽቦ ኃይለኛ ቮልቴጅ ይመለሳል። ቫልቩ ሁለት ጫፎች ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ግጠም፤ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። የቦርዱንና የቫልቩን ፓወር ሰፕላይ ለይ። ባለ 220 ቮልት ፓምፕ ከሆነ ኮንታክተር (ከባድ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ይግባበት፣ እሱንም ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ውሃ የማጠጣቱን ውሳኔ ቦርዱ ራሱ ይወስን፤ ስልክህ ለማየት ብቻ ይሁን። ፕሮግራሙ ውስጥ የጊዜ ገደብ አስገባ፤ ሴንሰሩ ምንም ቢል ከ15 ደቂቃ በላይ ውሃው አይፍሰስ። ቫልቩም መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚዘጋው ዓይነት ይሁን።