«ታምራት እንዳሉት» ወይስ «ታደሰ እንዳሉት»?

ጥያቄ፦ መምህር ጤና ይስጥልኝ፣ በአማርኛ የጻፍኩትን አርቲክል ለአንድ ጆርናል ልኬ ሪቪወሩ «ዋቢዎቹ የኤፒኤን (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን የዋቢ አጻጻፍ) ስታይል አልጠበቁም» ብሎ መለሰልኝ። የደራሲዎቹን ስም ገልብጬ የአባታቸውን ላስቀድም እንዴ? የኛንና የፈረንጆቹን ዓመተ ምሕረትስ እንዴት ላስታርቀው? ደግሞ እነ «ኢቢድ» እና «ኤት አል» በአማርኛ ምን ይባላሉ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ስሙን አትገልብጪው። ሌላውን ቀስ ብለን እንደርስበታለን፣ ግን ይሄን አስቀድሜ ልበልሽ፣ በየተማሪው ጽሑፍ ላይ ባየሁት ቁጥር ከልቤ የሚያሳዝነኝ ነገር ስለሆነ ነው። ኤፒኤ የቤተሰብ ስም ይቅደም የሚለው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው፣ እነሱ ጋ ያ ስም ከአያት ከቅድመ አያት ሳይለወጥ የሚወርድ፣ ሰውየው ራሱም የሚጠራበት ስም ነው። እኛ ጋ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ አባት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 እ.ኤ.አ. ስለነበረው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ነገር በእንግሊዝኛ የጻፉትን መጽሐፍ ስንቱ ተማሪ «ታምራት እንዳሉት» እያለ ይጠቅሰዋል። አቶ ታምራት ምንም አላሉም እኮ! መጽሐፉን የጻፉት ልጃቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ስሙ እንደ ምልክት ታልፎ ይሄዳል፣ አማርኛ ግን ግሱ ላይ አንቱታ ያስገባል፣ «እንዳሉት»፣ «እንደሚያስረዱት» ስትዪ አንድ ሰው አክብረሽ እየጠራሽ ነው፣ የጠራሽው ደግሞ መጽሐፉን ያልጻፈውን ሰው ሆነ።

ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ «ታደሰ» ይበቃል፣ ሁለት ታደሰ ከገጠመሽ ሙሉውን «ታደሰ ታምራት» በይ። መጨረሻ ላይ ባለው ዝርዝርም ሙሉ ስሙ ይግባ፣ መሀሉ ላይ ነጠላ ሰረዝ አያስፈልግም። በአንድ ፊደል ማሳጠሩንም አልወደውም፣ «አ. ከበደ» ብለሽ ብትጽፊ አበበ ይሁን አልማዝ ይሁን አስቴር ማን ያውቃል። የውጭዎቹን እንደ ልማዳቸው ገልብጪያቸው፣ ዝርዝሩ ተቀላቀለ ብለሽ አትጨነቂ። ሪቪወሩ ካልተዋጠለት ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ5 ጥራዝ የወጣውን ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካን ጥቀሺለት፣ እዛ ውስጥ የኛ ሰዎች የተዘረዘሩት በራሳቸው ስም ነው። ከዝርዝሩ በፊት ደግሞ «የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በራሳቸው ስም ቀዳሚነት ተዘርዝሯል» የምትል አንድ መስመር አስገቢ።

እንደ ዞቴሮ ያለ ዋቢ የሚያደራጅ ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ እሱም ጉድ ይሠራል። የመዝገበ ቃላቱን ደራሲ ደስታ ተክለ ወልድን ለራስ ስምና ለመጨረሻ ስም ሁለት ሳጥን ባለው ቅጽ ላይ ስትሞዪ «ወልድ» ብቻ የመጨረሻ ስም ይሆንና ዝርዝሩ ላይ «ወልድ፣ ደ. ተ.» የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሰው ይወጣል። ተክለ ወልድ አንድ ስም ነው፣ መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ስለገባ ሁለት ስም አይሆንም። ኪዳነ ወልድ ክፍሌም እንደዛው፣ የራሳቸው ስም «ኪዳነ ወልድ» ነው እንጂ «ኪዳነ» ብቻ አይደለም። ዞቴሮ ላይ የድርጅት ስም የሚሞላበት ባለ አንድ ሳጥን አማራጭ አለ፣ የኛን ስሞች ሁሉ እዛ ውስጥ አስገቢ፣ አይገለብጠውም፣ አይቆርጠውም።

ወደ ዓመተ ምሕረቱ ስንመጣ፣ እዚህ ላይ ስህተቱ ጸጥ ያለ ስለሆነ የከፋ ነው። የታደሰ ታምራት መጽሐፍ የወጣው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፣ በኛ 1964 ወይም 1965 ማለት ነው። አንቺ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «1972» ብለሽ ዝም ካልሽ አንባቢሽ በኛ አቆጣጠር ያነበዋል፣ እና ከ1966ቱ አብዮት በፊት የተጻፈው መጽሐፍ ከአብዮቱ በኋላ የተጻፈ መሰለው፣ ደራሲው ስለመንግሥት የጻፉትን ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት እንዳለ ውሰጂና አጠገቡ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በይ፣ ሁሌም። መቀየር ካለብሽ ዝም ብለሽ 8 አትደምሪ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዛ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ወሩን ካላወቅሽ ሁለቱንም አስቀምጪ፣ ለምሳሌ 1962 ዓ.ም. ሲሆን 1969/70 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፋል።

ያልጠየቅሽኝ ግን የማላልፈው አንድ ነገር አለ፣ ሞክሼ ፊደላት፣ እንደ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ያሉ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት ማለቴ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ላሳተሙት መዝገበ ቃላት የሰጡት ርእስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፣ በዐይኑ ዐ፣ «የአማርኛ»ም ሳይሆን «ያማርኛ»። እሱን «አዲስ የአማርኛ» ብሎ አስተካክሎ መጻፍ ማስተካከል አይደለም፣ ርእሱን መለወጥ ነው፣ በአንቺ አጻጻፍ ሰርች ያደረገ ሰውም ላያገኘው ይችላል። የሰው ስምም እንደዛው፣ ኅሩይ ራሳቸውን በብዙኃኑ ኀ ከጻፉ አንቺም በሱ ነው የምትጽፊው። ችግሩ በፊደል ተራ ስትደረድሪ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ሀን መጀመሪያ፣ ሐን ከለ ቀጥሎ፣ ኀን ደግሞ ከቸ በኋላ ስለሚያስቀምጥ ሀይሉ፣ ሐይሉና ኀይሉ የሚባሉ ሦስት ደራሲዎች ሦስት ቦታ ይበተናሉ። እኔ ሞክሼዎቹን አንድ ላይ እሰበስባቸዋለሁ፣ በእጅ ነው የምሠራው፣ ድካም አለው ግን አንባቢው ስም በሰማበት ድምፅ ነው የሚፈልገው።

የቀረው ቀላል ነው። «ኤት አል» በአማርኛ «እና ሌሎች» ነው፣ «አልማዝ እና ሌሎች» ወይም «አልማዝና ሌሎች»፣ አንዱን ያዢና እስከ መጨረሻው በሱ ቀጥዪ። ግሱ አያስቸግርሽም፣ «እንዳሉት» ለአንቱም ለብዙም ያው ነው። ቮልዩም ቅጽ፣ ፔጅ ገጽ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ዝርዝር «ዋቢ ጽሑፎች» ብትዪው ደስ ይለኛል፣ ዋቢ ማለት ዋስ፣ ምስክር ማለት ስለሆነ ሥራውን በትክክል ይናገራል፣ «ማጣቀሻ»ንም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ጆርናሉ ራሱ የመረጠው ካለ ግን የሱን ውሰጂ።

«ኢቢድ» ደግሞ ከግእዙ «ዝኒ ከማሁ» ነው፣ ይህም እንደርሱ ማለት ነው፣ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ከበላዩ የተጠቀሰው ራሱ ሲደገም ይጻፋል። ኤፒኤ ውስጥ ግን ኢቢድ የሚባል ነገር የለም፣ ጆርናልሽ ኤፒኤ ከሆነ ጭራሽ አያስፈልግሽም። ወደፊት ግርጌ ማስታወሻ ለሚፈልግ ጆርናል ስትጽፊ መጀመሪያ ሁሉንም በሙሉ ስሙ ጻፊውና «ዝኒ ከማሁ»ን ልትልኪው ስትዪ፣ መጨረሻ ላይ አስገቢው፣ ምክንያቱም በመሀል አንዲት አዲስ ማስታወሻ ከጨመርሽ ከሥሯ ያለው «ዝኒ ከማሁ» ሌላ መጽሐፍ ላይ ያርፋል፣ አንቺም ሳታዪው ይታተማል።