ተራራውም የሰው ቀበሌ ነው

ውድ ልጆች፣

ጥያቄያችሁ ተመሳሳይ ነው። «የዜና ሥራ ሰለቸኝ፤ የጉዞ ጸሐፊ መሆን እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ሥራ ከጀመራችሁ ገና ብዙ አልቆያችሁም። ወረዳ ኮሙኒኬሽን ውስጥ የምትሠሩ አላችሁ፤ በክልል ሬዲዮ የምትሠሩም አላችሁ። ስብሰባ፣ ምረቃ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የውሃ ችግር። በዚህ መሃል ራስ ዳሸንን ወይም ኤርታሌን በስልካችሁ ታያላችሁ፤ ልባችሁ ይሸፍታል። ይገባኛል። እኔንም እዚህ ያደረሰኝ የሸፈተ ልብ ነው።

ምክሬ ግን ከዜናው ቶሎ አትውጡ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ነው። የገበያ ዋጋ እሰበስብ ነበር፤ ፍርድ ቤት እቀመጥ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ እከታተል ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ «ብዙ ሰው ተገኘ» የሚል ዜና አያሳልፍም። ስንት ሰው? «አርሶ አደሮች አማረሩ» ስንለው፣ የትኛው አርሶ አደር? ስሙ ማን ይባላል? ከየትኛው ቀበሌ ነው? ጤፍ በኩንታል ስንት ገባ? ያኔ ይህ ሁሉ ጥያቄ ያሰለቸኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተራራ ለተራራ መዞር ስጀምር የያዝኩት ሙያ ያው ጥያቄ ነበር። ሌላ ሙያ አልነበረኝም፤ አላስፈለገኝምም።

እኛ ለጀብድ የምንሄድበት ቦታ ለሌላ ሰው ሰፈሩ ነውና። እዚያ ሰው ያርሳል፣ ይዳራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ይከሰሳል።

የሰሜን ተራሮችን ላንሳ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅርሶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የዋልያው ቁጥር አሳሳቢ ሆኖ ነበር፤ እርሻና ግጦሽም ፓርኩን ይገፋው ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመካከሉ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ፣ ግጭ የምትባለው መንደር ሕዝብ ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ አካባቢ እንዲሰፍር መደረጉ ነው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ዛሬ መንገደኛው ግጭ ካምፕ ድንኳን ተክሎ ያድራል። ጠዋት ተነስቶ «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» ብሎ ይጽፋል። እኮ እዚያ ገብስ ይዘራ ነበር! ልጅ ይወለድ ነበር፤ ሰው ይቀበር ነበር። የቀበሌ ዜና የሠራ ልጅ እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ደባርቅ ሲመለስ የግጭን ሰዎች ያፈላልጋል። ካሣው በቃችሁ? ከብቶቻችሁን ምን አደረጋችኋቸው? ልጆቻችሁ ምን ሠርተው ያድራሉ? ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ የፓርኩን ጠባቂ ይጠይቃል፤ ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውምና የጠባቂውም ጭንቀት እውነት ነው። ሁለቱንም ያልሰማ ጽሑፍ ጎዶሎ ነው። ይህን ስል ገደሉን፣ ጅባራውንና ጭላዳውን አትጻፉ ማለቴ አይደለም። ጻፉ እንጂ፣ አሳምራችሁ ጻፉ። ግን ሰዉን ከሥዕሉ ፍቃችሁ አይሁን።

አፋር ብትወርዱም ነገሩ ያው ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለ ቢጫውና አረንጓዴው ቀለም ያልተጻፈ የለም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በዚያ ሙቀት ጨው የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። አንዱ ከምድር ይፈነቅላል፤ ሌላው በልክ ይጠርባል፤ ሌላው ግመል ላይ ይጭናል። ይህ አሞሌ ጨው በአንድ ዘመን ገንዘባችን ነበር። የመኪና መንገድ ሲገባ ደግሞ ግመሉ ሥራው እያነሰ መጣ። ታዲያ አንዱ አሞሌ ለጠራቢው ስንት ያስገኝለታል? በርሃሌ ሲደርስስ? መቀሌ ገበያስ? እነዚህን ዋጋዎች ጠይቆ የተመለሰ ልጅ ማንም ያላነሳውን ታሪክ ይዞ መጥቷል። የገበያ ዋጋ መሰብሰብ ሞት ነው የምትሉኝ ልጆች፣ ይህችን አስቡልኝ።

ሽግግሩን ሥራ ሳትለቁ ጀምሩት። ለዜና በተላካችሁበት ወረዳ በዓመት ፈቃዳችሁ፣ በራሳችሁ ብር፣ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ። የእኔ የመጀመሪያ የጉዞ ጽሑፍ የወጣው ከአንድ የውሃ ዜና ነው። ዜናው ጥቂት መስመር ነበር። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው የሚወርዱትን ገደል ካልወረድኩ ብዬ አብሬያቸው ወረድኩ፣ አብሬያቸው ወጣሁ። ዜናው በማግስቱ ተረሳ። የገደሉን መንገድ ስጽፍ ግን አርታኢው ሙሉ ገጽ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የመስክ ሥራ በሁለት ዓይን ማየት ጀመርኩ፤ አንዱ ለዛሬ ዜና፣ አንዱ ለረጅሙ ጽሑፍ።

ስለ ገንዘቡ እንዳልዋሻችሁ። እኛ አገር የጉዞ ጽሑፍ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። በዚህ የቆየነው ፎቶ እየሸጥን፣ እየተረጎምን፣ የዘጋቢ ፊልም ጽሑፍ እየሠራን ነው። ስለዚህ አስጎብኚ ድርጅት ወይም የመንግሥት ቢሮ «መኪናውም፣ አልጋውም፣ አበሉም በእኛ ነው» ሲላችሁ ታጓጓላችሁ። ሂዱ፣ አትሂዱ አልልም። ከሄዳችሁ ማን እንደከፈለላችሁ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ለአንባቢ ንገሩት። ሆቴሉ ውሃ ካልነበረው፣ አልነበረውም ብላችሁ ጻፉ። እናንተን አምኖ ያጠራቀመውን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ አለ።

ስለ ጤናችሁም ልቆጣችሁ ነው። ከፍታ ጉልበተኛ አይመርጥም። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በኋላ የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ እዚያው ቆዩ፤ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አትሂዱ። እግር ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብላችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው ይዛችሁ ውረዱ። አዲስ አበባ ማደግ ትንሽ ይረዳ ይሆናል እንጂ ከከፍታ ሕመም አያድንም። መንገዱ ሰላም ስለመሆኑ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን ጠይቁ። ትናንት በዚያ መንገድ የመጡት እነሱ ናቸው። «አትሂድ» ካሏችሁ ቅሩ። ይህን ፍርሃት የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ጦርነትና ግጭት ባለፉት ዓመታት ላሊበላን፣ ገርዓልታን፣ ደባርቅን ከእንግዳ አራርቋቸዋል። አስጎብኚው፣ ባለበቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ በአንድ ጊዜ ያለ ገቢ ቀሩ። ስንቱ ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ ገባ! ይህ የጉዞ ጽሑፍ ርዕስ አይመስላችሁም ይሆናል። እኔ ግን ከእናንተ መካከል አንዱ ሄዶ እንዲጽፈው አጥብቄ እመኛለሁ። ቦታው ሲያምር ብቻ የምንጽፍለት ከሆነ አልወደድነውም።

በመጨረሻ፣ መንገድ የመራችሁን ሰው «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ብላችሁ አትለፉት። ፈቃዱን ጠይቁና ስሙን ከነአባቱ ጻፉ። የሠራበትን ሳትከራከሩ ክፈሉት። ጽሑፉ ሲወጣ ላኩለት፤ ማንበብ ካልቻለ ደውሉና አንብቡለት። የተሳሳተ የቦታ ስም ካለ መጀመሪያ የሚያርማችሁ እሱ ነው።

አክባሪያችሁ