ሥራ የሌላቸው የድራማ ሰዎች፦ የተመልካቾች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፊልምና ስለ ተከታታይ ድራማ ናቸው። ማታ ብርዱ ሰውን ወደ ቤት ሲሰበስብ በቴሌቪዥን የሚታየው ነገር የቤተሰብ መነጋገሪያ፣ አንዳንዴም የጠብ ምክንያት ይሆናል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

«ልጆቼ ከቱርክ ድራማ ፊት አይነሱም። አባታቸው ‹ባህል ያበላሻል› ብሎ ሪሲቨሩን ሊቆልፍባቸው ነው። እኔ ግን ከልጆቼ ጋር ተረጋግቼ የምቀመጠው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ምን ይላሉ?» (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እትዬ፣ ሪሲቨሩ ባይቆለፍ ደስ ይለኛል። ልጆች እናታቸው አጠገብ ተቀምጠው የሚያዩት፣ ጥግ ይዘው በስልክ ብቻቸውን ከሚያዩት በብዙ ይሻላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገራችን የፊልም ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። እንጀራቸው ነውና ሥጋታቸው ይገባኛል። ተመልካቹ ግን ሄደ። የሄደውም ድምፁ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ፣ ምስሉ ስለሚያምርና ድራማው በተባለበት ሰዓት ስለሚቀርብ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች መጠየቅ የተመልካች መብት ነው።

ለልጆችዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። የቱርክ ድራማ በአገሩ የሚታየው በሳምንት አንዴ ሲሆን አንዱ ክፍል ከማስታወቂያው ጋር ሁለት ሰዓት ያልፋል። ለውጭ ሲሸጥ ደግሞ ይቆራረጥና አጫጭር ክፍሎች ይወጡታል። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ያን ያህል ጊዜ የሚተያየው፣ ሙዚቃውም የማያልቀው፣ ያ ሁሉ ሰዓት መሞላት ስላለበት ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ዝግታ ሁሉ ጥልቀት አይመስለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከባህሉ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ሥራ የሚሠራ ሰው እምብዛም አይታይም። የኩባንያ ባለቤት አለ፤ ኩባንያው ምን እንደሚያመርት ግን ወር ሙሉ ተከታትለን አናውቅም። የራሳችን ድራማዎችም ይህንኑ ወርሰዋል። ቪላው፣ መኪናው፣ የሆቴሉ ጠረጴዛ አለ፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። ልጆችዎን በጨዋታ መካከል ይጠይቋቸው፦ ይህ ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው የሚበላው? ቡናውን ይዛ የምትገባውና የምትወጣው ሠራተኛስ ስንት ሰዓት ትተኛለች? አባታቸውም አብሮ ተቀምጦ ቢጠይቅ ቁልፉ አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ በፊልሞቻችን የገጠር ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ለማሳቂያ ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ አብሬው ቁጭ ብዬ ማየት አፈርኩ። የገጠርን ሰው በክብር ያሳየ ፊልም አለ?» (ወጣት፣ ከመሐል ሜዳ)

ንዴትህ ንዴቴ ነው። ተዋናዩ ጋቢ ይደርባል፣ ዱላ ይይዛል፣ ከጎጃምም ከወሎም የተቀላቀለ፣ የማንም ያልሆነ አነጋገር ይናገራል፤ ከዚያ ሊፍት ሲያይ ይደነግጣል። በቃ፣ ገበሬ ተብሎ የቀረበልን ይህ ነው። መንዝ ውስጥ ግን ሰው የሚለብሰውና የሚደርበው ከበጉ ጠጉር የተሠራ በርኖስና ባና ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። ገብሱን ውርጭ ከመታው የአንድ ቤት ዓመት ይበላሻል። እዚያው መንዝ ያለውን ጓሳን አስበው። ሕዝቡ ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚታጨድበትን ጊዜ በራሱ ሥርዓት እየወሰነ ለዘመናት የጠበቀው መሬት ነው። ልጁ የራበው ሰው በተከለከለበት ወራት ሌሊት ማጭድ ይዞ ቢገባስ? ያየው ጎረቤቱ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? አሥራ ሦስት ክፍል የሚወጣው ታሪክ እዚያው ተራራ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

የጠየቅኸኝን ፊልም በተመለከተ፣ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ፈልገህ ከአባትህ ጋር እይ። በ2007 ዓ.ም. በካን ፊልም ፌስቲቫል በይፋ ለመታየት የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የተባለ ልጅ እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ የሚወዳት ቹኒ የምትባል በግ አለችው፤ አጎቱ ለበዓል ትታረድ ይላል። ከእርሻ ይልቅ ወጥ መሥራት የሚሆንለት ልጅ ነውና ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል። እዚህ ፊልም ላይ ሁሉም ሰው ሲሠራ ይታያል። አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝናብ የቀረበት፣ የሚመግበው አፍ የበዛበት ሰው ነው። ገበሬው አባትህ ያንን አጎት ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

«የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ‹ድፍረት› የተባለውን ፊልም ላሳያቸው አስቤያለሁ። ይከብዳቸው ይሆን? እንዴትስ ላወያያቸው?» (መምህርት፣ ከዓለም ከተማ)

ያሳዩአቸው። አስቀድመው ግን ለብቻዎ ይዩት፤ የጠለፋው ጥቃት ወደሚታይበት ቦታ ሲደርስም መውጣት የፈለገች ልጅ ምክንያት ሳትጠየቅ እንድትወጣ ይፍቀዱላት። በክፍልዎ ውስጥ ነገሩ በቤቷ የደረሰ ልትኖር ትችላለችና።

በእውነት በደረሰ ታሪክ ላይ የቆመ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ሂሩት የ14 ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። ጠበቃዋ ራሷን ስለተከላከለች ልትቀጣ አይገባም ብላ ትሟገትላታለች። ጠበቃዋ የተቀረጸችው ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በሆኑት በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ላይ ነው።

ለውይይቱ ከሕጉ ቢጀምሩ ይመረጣል። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ማምለጫ መንገድ ነበረው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ግን ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም። ይህን ልጆቹ በቁጥሩ ይወቁት፤ ወንዶቹም ጭምር። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡበትን ትዕይንት መልሰው ያሳዩአቸውና እያንዳንዱ ሽማግሌ ምን እንደፈራ ይጠይቋቸው። ፊልሙ ሽማግሌዎቹን አላሳጣቸውም፤ ለዚህም ነው የማከብረው።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ግን አለ፤ ተማሪዎቹም ሊሰሙት ይገባል። ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ዕግድ ቆሞ ነበር። ባለታሪኳ ሕይወቴን ያለ ፈቃዴ ተጠቀሙበት ብላ ነበርና። የተበደለችን ሴት ታሪክ ለበጎ ዓላማ ሲናገሩ እንኳ እርሷን መጠየቅ ግዴታ ነው። ይህን ጥያቄ ለክፍሉ ይተዉላቸው፤ የእርስዎን መልስ አስቀድመው አይንገሯቸው።

«ፊልም ሙሉውን ለማየት ጊዜ የለኝም። በስልኬ ታሪኩን በአሥር ደቂቃ የሚተርኩትን አያለሁ። ይበቃል?» (ባለ ሱቅ፣ ከሸዋ ሮቢት)

አይበቃም፣ ወንድሜ። ማን ማንን እንደገደለ ታውቃለህ፤ ሰውየው ከመግደሉ በፊት ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ግን አታውቅም። የተዋናዩ ድካም ሁሉ እዚያ ላይ ነው። በሳምንት አሥር ትረካ ከምትሰማ በወር አንድ ፊልም ሙሉውን እይ።

«ድራማዎቻችን ለምን አያልቁም? ደግሞ አንዱ ሰው ድንገት ‹ውጭ አገር ሄደ› ይባልና ይጠፋል።» (ቆሎ ሻጭ፣ ከደብረ ሲና)

ብዙ ጊዜ ድርሰቱ አልቆ አይጀመርም፤ እየተጻፈ፣ እየተቀረጸ፣ እየተላለፈ ይሄዳል። ስፖንሰር ካለ ይረዝማል፣ ከሌለ ይቆረጣል። ተዋናዩ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ገጸ ባሕሪው ውጭ አገር ይሄዳል። መፍትሔው ደራሲው መጨረሻውን ጽፎ ካሜራ እንዲነሳ ማድረግ ነው። መንገደኛውን የሚጠብቁት ቆሎውን ቆልተው፣ ለክተው ነው፤ ከደራሲውም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

«የአንኮበር ልጅ ነኝ። የአጼ ምኒልክን ታሪክ በፊልም የመሥራት ሕልም አለኝ። ገንዘብ ግን የለኝም። ከየት ልጀምር?» (ተማሪ፣ ከአንኮበር)

ከአድዋ አትጀምር። አድዋ ፈረስና ሠራዊት ይጠይቅሃል፤ ጦሩን በሃያ ሰው ከሠራኸው ተመልካቹ ያዝናል። ከልጅነታቸው ጀምር። በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲዘምቱ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ተይዞ ወደ መቅደላ ተወሰደ። እዚያ አደገ። ያገሩን መንግሥት ያፈረሰው ንጉሥ እንደ ልጁ አሳደገው፣ ልጁን አልጣሽን ዳረለት። በ1857 ዓ.ም. ሚስቱን ትቶ በሌሊት አመለጠ። ያሳደገህን ሰው፣ ያገባሃትን ሴት ጥለህ ወደ አገርህ ስትሸሽ ልብህ ምን ይላል? ለዚህ ትዕይንት የሚያስፈልግህ አንድ አምባ፣ ሁለት ሦስት ጎጆ፣ ጥቂት ጥሩ ተዋንያን ነው።

ስትጽፍ ግን ንጉሡንና መኳንንቱን ብቻ አትጻፍ። ግብር ሲገባ እንጨቱን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ማን ነበር? ጠጁን የጣለችው፣ እህሉን የፈጨችው ሴት ያ ልጅ ሲወሰድ ምን አለች? አንኮበር ውስጥ የሰሙትን የሚነግሩህ አዛውንቶች ታገኛለህና ደብተር ይዘህ ሂድላቸው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ጽፈህ ላክልኝ፤ አንብቤ የመሰለኝን እጽፍልሃለሁ።