ራሙም ደህና፣ ኮምፒውተሩም ደህና፤ ታዲያ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ ቤት ያለኝ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር፣ ጂ41 ማዘርቦርድና አንድ ፍሬ ባለ 2 ጊጋ ዲዲአር3 ራም አለው። ዊንዶውስ 7 ነው የተጫነበት። ልጆች ለትምህርት ሲጠቀሙበት በጣም ስለሚንቀራፈፍ ባለ 4 ጊጋ፣ 1600 የሚል ራም ገዝቼ ጨመርኩበት። ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ረጃጅም ጩኸትም ያሰማል። አዲሱን ብቻውን ባስገባውም ያው ነው። የሸጠልኝ ልጅ ደግሞ እዚያው ፊቴ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶት ሠርቷል። ችግሩ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ሻጩ አላታለለዎትም፤ ማዘርቦርድዎም የተበላሸ አይመስልም። አሮጌው ራም ብቻውን ሲገባ እንደ ድሮው የሚሠራ ከሆነ፣ መልሱ አዲሱ ራም ላይ በተደረደሩት ጥቋቁር ቺፖች ብዛት ውስጥ ነው። ራሙን ብርሃን ወዳለበት ይውሰዱና ሁለቱንም ገጽ እያገላበጡ ይቁጠሩ። በአንዱ ገጽ 8 ቺፕ ኖሮ ጀርባው ባዶ ከሆነ ምክንያቱን አገኙት።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። 4 ጊጋ ባይት ለ8 ቺፕ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 512 ሜጋ ባይት ይደርሰዋል፤ 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህም 4 ጊጋ ቢት ነው። ያው 4 ጊጋ ባይት ከፊት 8፣ ከኋላ 8፣ በድምሩ በ16 ቺፕ ከተሠራ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 2 ጊጋ ቢት ይሆናል። ጂ41 የሚችለው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። በእነዚያ ማዘርቦርዶች ራሙን የሚቆጣጠረው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ቦርዱ መሀል ማቀዝቀዣ ብረት የተለጠፈበት ኖርዝብሪጅ የሚባለው ቺፕ ነው፤ ጂ41 የእሱ ስም ነው። እሱም በራሙ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ረድፍ በአድራሻ ይጠራል። የባለ 2 ጊጋ ቢቱን ረድፎች ለመጥራት 15 የአድራሻ መስመር ይበቃል፤ ባለ 4 ጊጋ ቢቱ ግን 16ኛ መስመር ይፈልጋል። ጂ41 ይህ 16ኛ መስመር የለውም። የራሙን ጥርስ በላጲስ ቢያሹት፣ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የቦርዱን ፕሮግራም) ቢያድሱት የሌለ መስመር ሊፈጠር አይችልም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል አይድከሙ።

ሻጩ ጋ የሠራው፣ የእሱ ኮምፒውተር ከ2011 ወዲህ የወጣ፣ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ወይም አይ5፣ አለዚያም ከዚያ የሚበልጥ ስለሆነ ይመስለኛል። እነሱ ባለ 4 ጊጋ ቢቱን ቺፕ ያለ ችግር ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ትውልድ አይ3 530 እና አይ5 650 ግን ልክ እንደ ጂ41 ባለ 16 ቺፑን ነው የሚፈልጉት።

1600 የሚለው ቁጥር አያሳስብዎ። ፈጣን ራም ዘገምተኛ ቦርድ ላይ ሲገባ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ፣ እዚህ 1066 ወይም 800 ላይ ሆኖ ይሠራል።

ራሙን መልሰው ሲቀይሩ ሻጩን «ለጂ41 የሚሆን» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ ስቲከሩን ራስዎ ያንብቡ። «2 አር ኤክስ 8» (2Rx8) የሚል ከሆነ በሁለቱም ገጽ ቺፕ ያለው፣ የሚፈልጉት ነው። «1 አር ኤክስ 8» (1Rx8) የሚለው ባለ 4 ጊጋ ራም አሁን እጅዎ ላይ ያለው ዓይነት ነው። ቀጥሎ እንደ ፒሲ3-10600 ወይም 12800 ካለው ቁጥር በኋላ የምትመጣዋን ፊደል ይመልከቱ። «ዩ» (U) የዴስክቶፕ ናት። «አር» (R) ካለ የሰርቨር ራም ነው። ስሎቱ (የቦርዱ የራም ማስገቢያ) ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ዋጋውም ስለሚረክስ ያጓጓል፤ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ግን ፈጽሞ አይነሳም። ኤኤምዲ በተባለው ሌላ አምራች ፕሮሰሰር ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች፣ «ለኤኤምዲ ብቻ» ተብሎ የሚሸጠውንም ይለፉት። እሱ 16 ቺፕ ሊኖረው ስለሚችል በመቁጠር ብቻ ያሳስታል፤ የቺፖቹ አሠራር ግን ሌላ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ የቦርድዎን ሞዴል መመሪያ ያረጋግጡ፤ ጂ41 እስከ 8 ጊጋ ቢችልም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የቦርዱ አምራች ነው።

ቆጥረው 16 ካገኙና ስቲከሩም ትክክለኛ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ አገባቡን እንጠርጥር። የኃይል ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ ቦርዱ ላይ 5 ቮልት ይቆያል። ከነቀሉ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ ቀለም ያልተቀባውን የኮምፒውተሩን ሣጥን ብረት በእጅዎ ይንኩ፣ ከዚያ ራሙን ያውጡ። ስሎቱን በንጹሕ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በአፍ እፍ አይበሉበት፣ ምራቅ ይገባል። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹበትና ፍርፋሪውን ያራግፉ። ሲያስገቡ በጥርሶቹ መሀል ያለችው ክፍተት ከስሎቱ ጉብታ ጋር ትግጠም። ሁለት አውራ ጣትዎን በሁለቱ ጫፎች ላይ አድርገው እኩል ይጫኑ፤ የዳርና የዳር መያዣዎቹ ራሳቸው ተነሥተው «ቀጭ» ማለት አለባቸው። ከዚያ ከጎን ዝቅ ብለው ይዩ፤ ከስሎቱ በላይ የሚታየው የወርቅ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ካልሆነ በአንድ በኩል አልገባም ማለት ነው። ይህች ስህተት ብዙ ሰው ደህናውን ራም እንዲጥል አድርጋለች።

አሁንም ከጮኸ አዲሱን ብቻውን በአንደኛው ስሎት፣ ከዚያ በሁለተኛው ይሞክሩ። ቀጥሎ ገመዱ እንደተነቀለ ሲአር2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ አውጥተው 10 ደቂቃ ይጠብቁና ይመልሷት፤ ባዮሱ የድሮውን የራም ቅንብር ይረሳል። ሲነሳ ቀኑንና ሰዓቱን ማስተካከል አይርሱ። እግረ መንገድዎን በስሎቶቹ አጠገብ የቆሙትን ትንንሽ ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮች ይመልከቱ፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ፣ ራም ከመቀየርዎ በፊት ቦርዱ መጠገን አለበት።

ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ባዮሱ 6 ጊጋ አንብቦ፣ ዊንዶውስ ግን 3.2 ወይም 3.5 ብቻ መጠቀም እችላለሁ ካለ፣ የተጫነው ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ነው። ኮምፒውተር የሚለውን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሲስተም ታይፕ የሚለውን ያንብቡ። ከ32 ወደ 64 ቢት ላዩ ላይ ጭኖ ማሻገር አይቻልም፤ ፋይሎችን ውጭ አስቀምጦ እንደ አዲስ መጫን ነው። 64 ቢት ሆኖም ከጎደለ ስታርት ላይ ኤምኤስ ኮንፊግ (msconfig) ብለው ጽፈው ይክፈቱና ቡት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ሜሞሪ የሚለው ላይ ምልክት ካለ ያንሱት።

ባለ 16 ቺፑ ባለ 4 ጊጋ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከተጋነነ፣ አሁን ካለው ጋር ሁለተኛ ባለ 2 ጊጋ ጨምረው በቀረው ገንዘብ ትንሽ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ቢገዙ እመርጣለሁ። ባለ 2 ጊጋውም ቢሆን በ8 ቺፕ የተሠራ ይሁን፤ 4 ቺፕ ብቻ ያለውን አይውሰዱ። ለልጆቹ ሥራ 4 ጊጋ ከኤስኤስዲ ጋር፣ 6 ጊጋ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ጋር ከሚሰጠው የበለጠ ፍጥነት ይሰጣቸዋል።

የትኛውንም ራም ቢያስገቡ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሜምቴስት86+ የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነሥተው ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከታየ ራሙን ወደ ሌላው ስሎት አዛውረው ይድገሙት። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙን ይመልሱ፤ በዚያው ስሎት የገባውን ሁሉ የሚያሳስት ከሆነ ግን የተበላሸው ስሎቱ ነውና በሌላኛው ብቻ ይጠቀሙ።