ስልኩ ከሱቅ ሲጠፋ የት ነው የሚገባው? ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን "ነጋዴው ዕቃ ደበቀ" "አይ ዶላር ነው የጠፋው" እየተባለ ጭቅጭቁ ስለበዛ ነው ይሄን የከፈትኩት። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ መርካቶ ካርቶን በመሸከም ጀምሬ፣ ከዛ ሻጭ ሆኜ፣ አሁን ከአክስቴ ልጅ ጋር አነስ ያለች የማስመጣት ሥራ አለችን። ኢኮኖሚስት አይደለሁም ግን ሼልፍ ባዶ ሲሆን ለምን ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ ምክንያቱም ባዶው ሼልፍ የኔ ነበር። እሺ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ሰው ብር የለውም፣ አይገዛም ትላላችሁ። ሰው ካልገዛ ዕቃው ተርፎ መከመር አልነበረበትም? ለምንድነው የሚጠፋው?

ምርጥ ጥያቄ። ሰው ሱቅ ሲያይ ሼልፉ ላይ ያለው ሁሉ የባለሱቁ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው ዱቤ ነው። ጅምላ ሻጩ 30 ስልክ ይሰጥሃል፣ የወር ወይም የ45 ቀን ቼክ ጽፈህ ትሰጠዋለህ፣ ሸጠህ ትከፍላለህ፣ ጅምላ ሻጩም ከአስመጪው ጋር እንደዛው ነው፣ አስመጪው ደግሞ ከባንክና ከቻይናው ሰውዬ ጋር። ስለዚህ ገበያ መቀዝቀዝ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠፋው ስልኩ ሳይሆን ዱቤው ነው። አንድ ሁለት ቼክ ተመለሰ የሚል ወሬ መርካቶ ውስጥ ከተሰማ በቃ፣ በማግስቱ ሁሉም "ካሽ ብቻ" ነው። 30 ስልክ ይይዝ የነበረው ባለሱቅ በኪሱ ባለው 5 ስልክ ይገዛል፣ እነሱም ቶሎ የሚሸጡትን ርካሾቹን፣ ቻርጀርና ኢርፎን ይጨምርበታል። አንተ ገብተህ ባለ 256ቱን በዛኛው ከለር ስትለው የለም ይልሃል። የለም ማለቱ እውነቱን ነው፣ ሀገር ውስጥ ግን ላይጠፋ ይችላል፣ ጅምላው መጋዘን ቁጭ ብሎ ካሽ የሚይዝ ሰው እየጠበቀ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዝም በል ባክህ፣ እያያችሁ ትደብቃላችሁ። ባለፈው ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን በዓይኔ እያየሁት "አይሸጥም" ተብያለሁ።

አልክድም፣ የሚደብቅ አለ፣ እኔም አንድ ሰሞን መጋረጃ ዘግቼ ቁጭ ያልኩበት ቀን ነበር። ግን ስሌቱን ልንገርህና ፍረድ።

20 ስልክ በ10,000 ብር ገዛሁ እንበል፣ 200,000 ብር ማለት ነው። በ12,000 ሁሉንም ሸጥኩ፣ 240,000። 40,000 አተረፈ ትለኛለህ አይደል? ጅምላው ጋ ስሄድ የዛው ስልክ መግዣ 13,500 ገብቷል። በ240,000 ስንት ይደርሰኛል? 17። አትርፌ ስቶኬ በ3 ስልክ ቀነሰ፣ ያውም የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ ግብር ሳልከፍል። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከተመላለስኩ ሱቁ በትርፍ ይዘጋል። ለዛ ነው ነጋዴ ብር መውረድ በጀመረ ጊዜ በገዛበት ዋጋ ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ የሚያስበው፣ የሚተካበትን ካላወቀ ደግሞ ጭራሽ አይሸጥም። ትክክል ነው እያልኩህ አይደለም፣ አንተ ካርቶኑን እያየህ የተመለስከው ለዚህ ነው ለማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኤልሲ ኤልሲ ትላላችሁ፣ እኔ እስከዛሬ አልገባኝም። ምንድነው? ለምንስ ነው እንደዛ የሚያስቸግረው?

እህቴ ቀላል ነው። እኔ ቻይና ያለውን አቅራቢ አላውቀውም፣ እሱም እኔን አያውቀኝም። እኔ ብር ልኬ ዕቃው ቢቀርስ እላለሁ፣ እሱ ዕቃ ልኬ ብሩ ቢቀርስ ይላል። መሃላችን ባንክ ይገባል፣ "ዕቃውን መጫኑን የሚያሳይ ዶክመንት ካመጣ እኔ እከፍለዋለሁ" ብሎ ይጽፍለታል። ይሄ ነው ኤልሲ። ችግሩ ባንኩ የሚከፍለው በዶላር ነው፣ ዶላር ከሌለው ደግሞ ወረፋ ያስይዝሻል።

ከ2014 ጀምሮ ነገሩ በጣም ጠበበ። ባንኮች ከሚያገኙት የውጭ ምንዛሬ 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ ተደረገ፣ የቀረችው ላይ ደግሞ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት ቅድሚያ አላቸው፣ ይሄ ተገቢ ነው፣ ስልክ ከማዳበሪያ ይቅደም የሚል ሰው የለም። ግን እኛ የወረፋው ጭራ ላይ ነን። ጥቅምት 2015 ላይ ደግሞ 38 ዓይነት ዕቃ ጭራሽ ኤልሲ እንዳይከፈትለት ታገደ፣ ሽቶ፣ ውስኪ፣ መኪና ምናምን ያለበት ዝርዝር። እገዳ ውስጥ ያልገባውም ቢሆን ዶላሩ ስለሌለ ያው ነበር። እኔ ራሴ አንድ ባንክ (ስሙን ተዉት) ብሬን አስይዤ 9 ወር ጠብቄያለሁ። 9 ወር! ሲፈቀድልኝ ያዘዝኩት ሞዴል ፋብሪካው ማምረት አቁሞ ነበር፣ እንደገና ፕሮፎርማ (የአቅራቢው የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት)፣ እንደገና ወረፋ። ከዛ በኋላ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ... ተዉኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንዳንዶቹ ትላልቅ አስመጪዎች በዛ ጊዜ ከየት አምጥተው ነበር ሲያስገቡ የነበሩት? ዘመድ አላቸው?

ዘመድ ያለው አይጠፋም ግን ዋናው መንገድ እሱ አይደለም። ቡና ነው። ሳቁ! ላኪ ከሆንክ ከምታመጣው ዶላር የተወሰነው ላንተ ይቀርልሃል፣ ስለዚህ ፍሪጅና ቲቪ የሚያስመጣው ሰው ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቦሎቄ መላክ ጀመረ። ቡናውን እዚህ ውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ ይሸጠዋል፣ ኪሳራውን ቲቪው ላይ ይጭነዋል። ቲቪ ስትገዛ የማታውቀው ሰውዬ የቡና ኪሳራ እየከፈልክ ነበር ማለት ነው። ጤነኛውን ቡና ላኪ ደግሞ ገበያውን አበላሸበት፣ እሱ በኪሳራ ከሚሸጥ ሰው ጋር እንዴት ይወዳደር።

ሌላው መንገድ ፍራንኮ ቫሉታ ነው፣ ባንክ ሳትጠይቅ ውጭ ባለህ የራስህ ዶላር ማስገባት፣ እሱም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፣ ዶላሩም ብዙ ጊዜ ከጥቁር ገበያ ነው የሚገኘው። በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ጥቁሩ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር፣ ስልኩ የሚተመነው በየትኛው ይመስልሃል?

ጥያቄ፦ እዚሁ የሚገጣጠም ስልክ አለ አይደል? እሱ ለምን ይጠፋል?

መገጣጠም እኮ ነው። የቴክኖ እናት ኩባንያ እዚህ ፋብሪካ የከፈተው በፈረንጆቹ 2011 ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ልጆች ሥራ አግኝተዋል። ግን ስክሪኑ፣ ቦርዱ፣ ካሜራው፣ ባትሪው በኮንቴይነር ነው የሚመጣው፣ ለሱም ኤልሲ ያስፈልጋል። ዶላር ሲጠፋ ያለቀለት ስልክም ዕቃውም እኩል ይቆማል።

ጥያቄ፦ ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ዶላር ችግር ከሆነ እኛ ጋ በኮቪድ ጊዜ ለምን ጠፋ? ለልጄ ፒኤስ5 (የሶኒ ጌም መጫወቻ) አንድ ዓመት ሙሉ ፈልጌ ሰልችቶኝ ተውኩት።

አይዞህ ብቻህን አይደለህም። ፒኤስ5 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 12, 2020 ወጣ፣ ዋጋው 499 ዶላር፣ ሶኒ እጥረቱ አለፈ ብሎ የተናገረው 2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለት ዓመት በላይ!

እናንተ ጋ የሆነው ግልባጩ ነው። በ2020 ማርችና ኤፕሪል ኢኮኖሚው ወደቀ፣ መኪና አምራቾች "ሰው መኪና አይገዛም" ብለው የቺፕ (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አንጎል የሆነችው ትንሽ ቁራጭ) ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ፋብሪካዎቹ ቦታውን ለላፕቶፕና ለስልክ ሰጡት ምክንያቱም ሰው ቤት ተዘግቶበት ሁሉም ላፕቶፕ፣ ዌብካም፣ ሞኒተር ፈለገ፣ ሬስቶራንትና ጉዞ ላይ ይወጣ የነበረው ገንዘብም መንግሥት የሰጠው 1,200 ዶላርም ወደ ዕቃ ዞረ። በዓመቱ መጨረሻ መኪና አምራቾቹ ተመልሰው መጡ፣ ቦታው ተይዟል። ቺፕ ፋብሪካ ደግሞ ዳቦ ቤት አይደለም፣ ማሽን ጨምሬ ነገ ላምርት አይባልም፣ ዓመታትና ቢሊዮን ዶላሮች ነው የሚፈልገው። በዛ ላይ ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ መብራት ጠፍቶበት ቺፕ ፋብሪካዎች ቆሙ፣ በማርች ጃፓን የሬኔሳስ ቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ፣ በዛው ወር ኤቨር ጊቨን የምትባለው መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድማ 6 ቀን መንገድ ዘጋች። የገባችውን ትንሽ ዕቃ ደግሞ ቦት (ራሱ ቶሎ የሚገዛ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ያላቸው ልጆች በሰከንድ ጠራርገው እጥፍ ይሸጡልሃል። እኛ ሀገር ቦት የለም፣ ደላላ አለ 😄

ከዛ ምን ሆነ መሰለህ፣ ሁሉም ሱቅ ፈርቶ የሚያስፈልገውን እጥፍ አዘዘ። የቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ አይተሃል፣ እጁ ትንሽ ነው የሚንቀሳቀሰው ጫፉ ነው የሚጮኸው፣ የዕቃ ትዕዛዝም እንደዛ ነው፣ ገዢው ጋ ትንሽ የነበረው ነገር ፋብሪካ ሲደርስ ትልቅ ይሆናል። ዕቃው ሁሉ ባንዴ ሲደርስ ሰው ፍላጎቱ በርዶ ነበር፣ በ2022 ታርጌትን የመሰሉ ሱቆች የተከመረባቸውን በቅናሽ ሲያራግፉ ነበር። ያኔ ብትገዛ ጥሩ ነበር፣ ፒኤስ5ን ሳይሆን ቲቪውን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ቨርጂኒያ ስኖር ሰርኪት ሲቲ የሚባል ትልቅ መደብር ነበር። ሊዘጋ አካባቢ ስገባ ግማሹ ባዶ ነበር። ያም በዶላር እጥረት ነው?

ጋሼ ይሄን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፣ ከላይ የጻፍኩት የዱቤ ነገር ትልቁ ምሳሌ እሱ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱም እርስዎ ጋ ሪችመንድ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 ደመወዛቸው ከፍ ያለ የሚላቸውን 3,400 ሠራተኞች አሰናበተ፣ ዕቃውን የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፣ እኔ ብጠየቅ ውድቀቱ እዛ ላይ ነው የጀመረው እላለሁ። በ2008 የባንኮቹ ቀውስ ሲመጣ አቅራቢዎቹ ደነገጡ፣ "በዱቤ አንሰጥም፣ መጀመሪያ ክፈሉ" አሉ። የገና ገበያ ሊገባ ሲል ዕቃ የለም፣ ዕቃ ከሌለ ደንበኛ አይመጣም፣ ደንበኛ ካልመጣ ካሽ የለም፣ ካሽ ከሌለ አቅራቢው የባሰ ይፈራል። ኖቬምበር 10, 2008 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ በጃንዋሪ 2009 የቀሩት 567 መደብሮች እንዲሸጡ ተወሰነ፣ ከ30,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ። ያን ጊዜ ዓለም ላይ ቲቪ ጠፍቶ አልነበረም። ለሰርኪት ሲቲ አምኖ የሚሰጥ ነው የጠፋው። መርካቶ ካለው ባለ 5 ስልክ ሱቅ ጋር ያለው ልዩነት የዜሮው ብዛት ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ግን ሱቆቹ ሙሉ ናቸው። እጥረቱ አልቋል ማለት ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፣ የ38ቱም ዕቃ እገዳ ተነሳ፣ 70 በመቶ የማስረከቡም ነገር ቀረ። ከ57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በዛው ዕለት 74 ገባ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትርምስ ነበር፣ ማንም የሚተካበትን ዋጋ አያውቅም፣ ጠዋት የጠየቅከው ዋጋ ከሰዓት የለም፣ የታሸገም ሱቅ ብዙ ነው። ከዛ ቀስ በቀስ ኤልሲ ማግኘት ቀለል አለ፣ ዕቃ ገባ።

ግን ደሞዝህ በዛው ልክ አልጨመረም። ድሮ ስልኩ የለም ትባል ነበር፣ አሁን አለ ግን አንተ አትደርስበትም። ድሮ ወረፋ የሚይዘው አስመጪው ባንክ ቤት ነበር፣ አሁን ወረፋ የሚይዘው ገዢው ነው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ብር እያጠራቀመ። ለኔ ለነጋዴው ይሄኛው ይሻለኛል፣ ቢያንስ ነገ ስንት እንደምገዛ አውቃለሁ። ላንተ ይሻልሃል ብዬ ግን አልዋሽም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ ለወንድሜ ስልክ በሰው ልልክለት ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

የኔ እናት፣ ዴራ (የዱባይ ገበያ ሰፈር) ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ያለው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥርና ስልኩ ላይ *#06# ስትደውዪ የሚመጣው አንድ መሆኑን እዪ። "ሪፈርብሽድ" (ተጠግኖ የታደሰ) የሆነውን አዲስ ብለው እንዳይሸጡልሽ። ዋስትናው እዚህ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ከፍተሽ ካሜራውን፣ ስፒከሩን፣ ቻርጅ ማድረጉን ሞክሪ፣ ሻጩ ቢበሳጭም ይበሳጭ። ደረሰኝሽን ያዢ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ አይፎን በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልግዛ?

ሲምህን ከተህ ሳትደውል እንዳትከፍል። ሎክድ (ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ) ከሆነ ውድ መስታወት ነው የገዛኸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ ላፕቶፕ አሁን ልግዛ ወይስ ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ?

እሷ የሚያስፈልጋት መቼ ነው? መስከረም ከሆነ አሁን ግዙ። ብር እየወረደ ባለበት ሀገር የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ሲወርድ እኔ በ14 ዓመት ውስጥ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ያውም አንድ አስመጪ ብር ቸግሮት ሲያራግፍ። አዲስ ካልቻልክ ከውጭ መሥሪያ ቤቶች የወጡ ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፖች አሉ፣ ከአዲሱ ርካሽ ፕላስቲክ በጣም ይሻላሉ፣ ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 8 ጊጋ ይሁን፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን፣ ባትሪው ግን መሞቱን ቁጠረውና የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሂሳቡ ቀንስበት። ሻጩ "ባትሪው 4 ሰዓት ይይዛል" ካለህ ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅለህ ቡና ጠጥተህ ተመለስ።

ደንበኛ ገባብኝ፣ የቀሩትን ማታ እመልሳለሁ።