«ቆይ» ያልናቸው እኛ ነን

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ አንድ ወሬ አይቀርም። «የዛሬ ልጆች እኮ ማግባት አይፈልጉም!» አንዷ የወንድሟን ታነሳለች፣ ሌላው የእህቱን ልጅ። ሰላሳ አልፎታል፣ ሥራ አለው፣ ምን ጎደለው እንባባላለን። እኔም ለዓመታት አብሬ ስል ኖሬአለሁ። አሜሪካ ከገባሁ 24 ዓመት ሆኖኛል። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ጥርን ጠብቄ እሄዳለሁ። ባለፈው ስሄድ ያየሁት ነገር ግን ያንን ወሬ አስተወኝ። ስለዚህ እንደ ታላቅ እህት ሆኜ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ መምህር ነው፣ 33 ዓመቱ። ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። የሚወዳት ልጅ ከአዘዞ መጥታ ቡና እያፈላች ነበር። ስድስት ዓመት አብረው ናቸው። ቡናው የቀረበልን በተለያየ ሲኒ ነው፣ የእኔ ከአፉ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። ቀና ስል ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ካርቶን አየሁ፤ ላዩ ላይ የሲኒ ሥዕል አለበት። የታሸገበት ፕላስተር ቢጫ ሆኖ ጠርዙ መላቀቅ ጀምሯል።

«ይሄን የመሰለ ሲኒ አስቀምጣችሁ?» አልኳት።

«ለቤታችን ብለን የገዛነው ነው እትዬ። አራት ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትጠቀሙበትም?»

«ቤታችን ሲሆን ነዋ» አለችና ጀበናውን ለማውረድ ጎንበስ አለች።

ወደ እሱ ዞርኩና «ለምን አትጋቡም?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እትዬ፣ ይሄን እኔን ከምትጠይቂኝ እማዬን ብትጠይቂያት አይሻልም?» አለኝ።

እናቱ፣ ማለትም እህቴ፣ ዳላስ ነው ያለችው። ግሪን ካርድ ካገኘች ስምንት ዓመቷ ነው። እንደገባች ለልጇ ፕሮሰስ ጀመረችለት። ያኔ 21 ዓመት ካለፈው ቆይቶ ስለነበር ፋይሉ የተከፈተው «ያላገባ ልጅ» ተብሎ ነው። ስለዚህ በስልክ ባገኘችው ቁጥር «ትንሽ ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ጠብቀህ አሁን እንዳታበላሸው» ትለዋለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ብያለሁ። «ታገስ የኔ ልጅ» ያልኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውሰውም። ከዚያ ደግሞ ቡና ላይ ተቀምጬ የዛሬ ልጆች ማግባት አይፈልጉም እላለሁ።

ልጅቷ 29 ዓመቷ ነው። አባቷ «የሚፈልግሽ ከሆነ ለምን ሽማግሌ አይልክም?» ይላታል። ምን ብላ ትመልስ? ነገ ቪዛው ቢመጣ እሱ ብቻውን ይሄዳል። ተመልሶ ያገባትና በተራው ለእሷ ያመለክታል። እንደገና ሌላ ጥበቃ። በዚያ በሦስት ሳምንት ቆይታዬ እንዲህ ያለ ታሪክ ከሦስት ቤት ሰማሁ። ሦስቱም ቤት «ቆይ» የሚለው ድምፅ ከውጭ የሚደወል ስልክ ነው።

እና ምን እናድርግ? መጀመሪያ የከፈታችሁት ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ብዙዎቻችን አናውቀውም። በአሜሪካ ሕግ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ወላጅ ማመልከት የሚችለው ላላገባ ልጁ ነው። ልጁ ካገባ ፋይሉ ይሞታል፤ ኋላ ቢፋታ እንኳ አይነሳም። ወላጁ ሲቲዝን ከሆነ በኋላ ግን ላገባ ልጅም ማመልከት ይቻላል። የተከፈተው ፋይልም ልጁ ስላገባ ብቻ አይሰረዝም፣ ወደ ሌላ ወረፋ ይዛወራል እንጂ። ያ ወረፋ ረጅም ነው፣ ከአስር ዓመት በላይ የሚወስድ ነው። ነገር ግን ሚስቱና 21 ያልሞላቸው ልጆቹ አብረውት ይመጣሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ሰው ትዳሩን ይዞ መጠበቅና ትዳሩን አቁሞ መጠበቅ አንድ አይደለም።

እህቴ ግሪን ካርዷ አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ማመልከት ትችል ነበር። ያላመለከተችው የእንግሊዝኛውን ፈተና ፈርታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ! ልጁ ይሄን አያውቅም። የእሱ ሠርግ በእናቱ ፈተና ላይ እንደተንጠለጠለ ማንም አልነገረውም። እባካችሁ፣ እናንተም እንደ እሷ ፈርታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። በየከተማው በነፃ የሚያስተምሩ አሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ጠይቁ። ሕጉም አሠራሩም ስለሚለዋወጥ ደግሞ ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም እንዳትወስኑ። ከጠበቃው የሰማችሁትን ሳትሸራርፉ ለልጁም ንገሩት። «ደርሷል፣ ሊጠሩህ ነው» እያላችሁ ዓመት በዓመት አታሻግሩት። ስንት ዓመት እንደሆነ ካወቀ ራሱ ይወስናል፤ ሕይወቱ የእሱ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ሌላ መንገድ ይመክራሉ። «በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፣ ክብር መዝገብ አትሂዱ፣ በወረቀት ያላገባችሁ ናችሁ» ይላሉ። ይሄ ምክር ልጆቹን ገደል መክተት ነው። በአገራችን የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሦስቱም ጋብቻ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ 213/1992ም፣ ጎንደር የምትተዳደርበት የአማራ ክልሉ 79/1995ም እንዲሁ ነው የሚሉት። ስለዚህ ቆርቦ አግብቶ ኢንተርቪው ላይ «አላገባሁም» ማለት ውሸት ነው። ከታወቀ ቪዛው ይቀራል፣ ስሙም ይበላሻል። ዲቪ ላይም ያው ነው። ሲሞላ ሚስት እያለችው ያላስመዘገበ ሰው ቢደርሰው እንኳ ይጣልበታል። ነጠላ ሆኖ ሞልቶ ከደረሰው በኋላ ያገባ ግን ሚስቱን መጨመር ይችላል፣ ጋብቻው የእውነት ይሁን እንጂ። ይሄንን ባለማወቅ ዲቪ የሞሉ ልጆች በከንቱ እርስ በርስ ይራራቃሉ።

ሁለተኛው ነገር ድግሱ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቴ ስለሚከብደኝ ረዘም አድርጌ ላውራ።

ታናሽ ወንድሜ ሲያገባ ሙሉ ወጪውን የቻልኩት እኔ ነበርኩ። አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ሰንጋው፣ ቬሎው፣ በአበባ ያጌጡት መኪኖች። ደስ ብሎኝ ነው ያደረግሁት፣ እናቴም በጣም ደስ አላት። ኋላ ላይ ግን የጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ ልኮ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሠርጉን በዓመት አራዘመ። ለምን ብዬ እናቱን ስጠይቃት «ልጅቷ ቤት የናንተን ሠርግ አይተዋል» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔ በዶላር የደገስኩትን ድግስ እሱ በደመወዙ ሊደግስ ነው።

የዶላሩ ነገር ከዚያም ባሰ። ሐምሌ 2016 መንግሥት የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለእኛ የላክናት ገንዘብ እጥፍ ሆነችልን። በብር ለሚኖረው ወጣት ግን ወርቁም ልብሱም ከእጁ እየራቀ ሄደ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ አስተማማኝ አይደለም። ከገጠር ዘመድ ለሠርግ መጥራት ራሱ ጭንቀት ሆኗል። በዚህ ሁሉ ላይ የእኛን ቪዲዮ ያያሉ።

ስለዚህ ለሠርግ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ለልጆቹ ደውሉ። ለወላጆቹ አላልኩም፣ ለሁለቱ ልጆች። ምን ይሻላችኋል በሏቸው። እኔ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ ስለ ቤት ነው። የዓመት ኪራይ፣ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ለትንሽ ሥራ መነሻ። አንዷ ልጅ «ቆርበን ምሳ ብናበላ በቃን ነበር፣ ግን የሰው አፍ» አለችኝ። የሰውን አፍ መዝጋት የምንችለው እኛ ነን። ከውጭ የመጣች እህት «ቁርባንና ምሳ ይበቃል፣ የቀረውን ለቤታቸው ሰጥቻለሁ» ካለች ማንም ደፍሮ አይናገርም። ቃላችን ከሚገባው በላይ ይሰማል፤ ካልቀረ ለዚህ እንጠቀምበት።

ለራሳችሁ ማግባት ፈልጋችሁ የምትሄዱም አላችሁ። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ሄዶ በጥምቀት ሰሞን ልጅ አይቶ፣ በሳምንቱ ሽማግሌ ልኮ፣ በሦስተኛው ሳምንት መዳር። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው። አንዴ ሂዱና ተዋወቁ፣ ተመለሱ፣ ዓመት አውሩ፣ ከዚያ ሂዱ። የምትሠሩትን ሥራና ያለባችሁን ዕዳ ንገሯት። ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ንገሯት፣ ምክንያቱም እዚህ መጥታ ብቻዋን የምታድረው እሷ ናት።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ የተዳረችው በ13 ዓመቷ ነው፣ ማንም አልጠየቃትም። ዛሬ ሕጉ 18 ዓመትና የራሷን ፈቃድ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ «ይሄን ሰው ገና አላወቅሁትም» የምትል ልጅ ትዳር ጠልታ አይደለም። እናቴ ያላገኘችውን ዕድል እየተጠቀመች ነው። በ28 ዓመቷ «ቆሞ ቀር» ብላችሁ በስልክ አታስለቅሷት። ሰምቻለሁ፣ በጣም ያማል።

ከማራኪ በባጃጅ ወደ ፒያሳ ስመለስ ለእህቴ ደወልኩ። ዳላስ ገና ሊነጋ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። የዜግነቱን ፈተና፣ የልጅቷን አባት፣ የእኔንም ጥፋት ጭምር። መጀመሪያ ተቆጣች፣ «እኔ ለማን ብዬ ነው?» አለች። ከዚያ ስለ ካርቶኑ ነገርኳት፣ ፕላስተሩ ቢጫ መሆኑን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ስንት ሲኒ ነው?»

«አስራ ሁለት።»

«ያ የእንግሊዝኛ ትምህርት» አለች ቀስ ብላ፣ «ምዝገባው መቼ ነበር ያልሽኝ?»