«የክፍል ሙቀት» የማን ክፍል ነው? ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ጥያቄና መልስ

ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ጠይቁ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቅ፦ ነገር ሲቀልጥ ወይም ሲፈላ ሞለኪውሉ አይፈርስም። የሚላቀቀው አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የማብሰያ ጋዝ፣ ቤንዚንና የሻማ ሰም ሁሉም ከድፍድፍ ነዳጅ ይወጣሉ። አንዱ ጋዝ፣ አንዱ ፈሳሽ፣ አንዱ ጠጣር የሆኑት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ነበር የምጠብቀው! ሦስቱም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ናቸው፤ የሚለያዩት በርዝመት ነው። በማብሰያ ጋዝ ውስጥ ያለው ባለ 4 ካርቦኑ ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቤት ውስጥ ጋዝ ነው። በቤንዚን ውስጥ ያለው ባለ 5ቱ ፔንቴን የሚፈላው በ36 ዲግሪ ስለሆነ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ካርቦኑ 18 ሲደርስ እስከ 28 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም፤ ሰም የሚሠራው ከዚህም ከሚረዝሙት ነው። ሞለኪውሎች በየጎናቸው በጥቂቱ ይሳሳባሉ። ነጠላችሁን አንድ ጭጎጎት ቢይዘው በጣት ጫፍ ታነሡታላችሁ፤ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር ቢለብሰውስ? ረጅም ሰንሰለትም ጎረቤቱን የሚይዘው እንዲሁ ነው። ሙቀት ደግሞ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ማን እንዳሸነፈ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ከባድ ሞለኪውል ጠጣር፣ ቀላሉ ጋዝ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውኃ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ የሚፈላው ግን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ነው። ውኃን ፈሳሽ አድርጎ ያቆየው የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን አጥብቆ መሳቡ ነው። ይህ በሞለኪውሎች መካከል ያለ ስበት ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ በመካከል።

ጥያቄ፦ ሜርኩሪ ከብረታ ብረት ወገን ሆኖ ሳለ ለምን ፈሳሽ ሆነ?

መልስ፦ አተሞቹ የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸውን ሰስተው ስለሚይዙ እርስ በርስ በደንብ አይተሳሰሩም። ቀሪው አንስታይን ድረስ ይወስደናል፤ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ውኃ ሲፈላ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያል?

መልስ፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ! ቢለያይማ ኖሮ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና ሁሉ ፈንጂ በሆነ ነበር።

ከሰመራ፦ ቅቤ ጠጣር ነው ሲባል ይገርመኛል። እኛ ጋ በብርጭቆ ይቀዳል።

ከደብረ ብርሃን፦ እኛ ጋ በቢላዋ ይቆረጣል። የእናንተ ዘይት ተቀላቅሎበት እንዳይሆን።

ከሰመራ፦ ቅቤያችንን አትስደብ! ፀሐዩን ጠይቅ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ስለ ባዕድ ዘይት ግን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። መጻሕፍት «የክፍል ሙቀት» የሚሉት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ነው፤ የሰመራን ቤት አይጨምርም። ቅቤ ደግሞ የብዙ ስቦች ድብልቅ ስለሆነ እንደ በረዶ በአንድ ዲግሪ አይቀልጥም፤ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፣ 35 አካባቢ ሲደርስ ይፈስሳል። አናት ላይ የተደረገ ለጋ ቅቤ ወደ አንገት የሚወርደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ቁስ አካል በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄ፦ ነጭ ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ለምን ጋዝ ተባለ?

መልስ፦ እሱን ባለሱቁን ጠይቁ።